ሞክሼው ሰርቨር፦ ከኮምቦልቻ የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ስልኩ የጮኸው ደሴ ፒያሳ ቁርስ ላይ ሳለሁ ነው። ደዋዩ ኮምቦልቻ ያለ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። «ወንድሜ፣ ዌብሳይታችን ተጠልፏል፤ ቶሎ ድረስ» አሉኝ። በስልኬ ከፈትኩት። የስንዴ ማሳው፣ የዱቄት ከረጢቱ፣ የሽያጭ ስልኩ፣ ሁሉም በቦታው አለ።

«እኔ ጋ እኮ ይሠራል ጋሼ።»

«እኔ ጋ ሰማያዊ ነገር ነው የሚመጣው። በስንት ቋንቋ እንኳን ደህና መጣህ ይለኛል።»

ሰማያዊ ሲሉ ግማሹ ገባኝ። የዊንዶውስ ሰርቨር ላይ አይአይኤስ የሚባለው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ሲጫን መጀመሪያ የሚመጣው ገጽ ሰማያዊ ነው። ጠላፊ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ አይቀበልም።

ሰኞ ነው፤ ባቲ ገበያ የሚወርደው ሕዝብ ሚኒባሱን ሞልቶታል። ሐረጎን ስንወርድ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሹፌራችን በመብራት ነበር የሚነዳው። ኮምቦልቻ ስንደርስ ጃኬቴን አወለቅኩ።

ሰኞ፣ 4 ሰዓት

የድርጅቱን ስም ስለማልጠራ «ፋብሪካው ነጥብ ኮም» እያልኩ እቀጥላለሁ። የዌብሳይቱንም አይፒ (የአድራሻ ቁጥር) ለምሳሌነት በተመደበው 203.0.113.20 ተክቼዋለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕ ላይ ተቀምጬ የአንድን ስም አይፒ በሚጠይቀው በኤንኤስሉክአፕ ትእዛዝ ሦስት ጥያቄ ጠየቅኩ። መጀመሪያ ስሙን ብቻውን። መልሱ 192.168.10.5 እና 192.168.10.6 ሆነ። እነዚህ ዌብሳይት አይደሉም፤ ከመዝገብ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ሲያጓሩ የሚውሉት ሁለቱ ዶሜይን ኮንትሮለሮች፣ የቢሮውን ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች የሚያስተዳድሩት ሰርቨሮች፣ ናቸው። ቀጥሎ ከስሙ ፊት ሦስቱን ደብሊው ጨመርኩ። «እንዲህ የሚባል ስም የለም» አለ። በመጨረሻ ያንኑ ጥያቄ በቀጥታ ለጉግል የስም ሰርቨር፣ ለ8.8.8.8፣ አቀረብኩ። 203.0.113.20 አለኝ።

ምርመራው እዚህ ላይ አለቀ። ከሃያ ደቂቃ በታች ነው የፈጀው። ሳምንቱን የበላው ሌላው ነው።

«ታዲያ ስልኬ ላይ ለምን ይከፈታል?» አሉ።

«በዳታ ስለሆነ ነው። የቢሮውን ዋይፋይ ያብሩትና ይሞክሩት።»

አበሩት። ሰማያዊው ገጽ መጣ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አስቀመጡት።

ለእሳቸው ያስረዳሁት እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ አስፋልት ላይ ቆመህ «ሰይድ!» ብለህ ብትጣራ ስንት ሰው ይዞራል? የፋብሪካው በር ላይ ያሉትን አባባ «ሰይድን ጥሩልኝ» ብትላቸው ግን አያመነቱም። ግቢ ውስጥ ያለውን ሰይድ ይጠሩልሃል። የፈለግኸው ማዶ ሻይ ቤት የተቀመጠውን ሞክሼውን ሊሆን እንደሚችል አያስቡም።

ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉመው የቢሮው ዲኤንኤስም እንደ አባባ ነው። ከዓመታት በፊት አክቲቭ ዳይሬክተሪውን (ዶሜይን ኮንትሮለሮቹ የሚሠሩበትን ሥርዓት) የተከለው ባለሙያ የውስጡን ዶሜይን «ፋብሪካው ነጥብ ኮም» ብሎ ሰየመው። ያኔ ዌብሳይት የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰርቨሩ የዚህ ስም ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ ያምናል። በዚህ ስም ለሚያልቅ ማንኛውም ጥያቄ የራሱን መዝገብ ብቻ ነው የሚያየው። መዝገቡ ላይ ከሌለ «አላውቅም፣ ውጭ ልጠይቅ» አይልም፤ «የለም» ብሎ ይዘጋል። ሌላ ማንኛውንም ስም ብትጠይቀው ግን ውጭ ወጥቶ ያመጣልሃል። ለዚህ ነው ዩቲዩብ ተከፍቶ የራሳቸው ዌብሳይት የማይከፈተው።

«እና የገዛ ቤቴ በር እምቢ ያለው ለእኔ ብቻ ነው?»

«ለእርስዎና ለሠራተኛው ሁሉ።»

ማክሰኞ

ዛሬ አንድም ነገር ሳልነካ ኮምፒውተሮቹን ዞርኩ። እዚህ ቤት ከእኔ በፊት ያለፉ እጆች እንዳሉ ሰኞ ዕለት ሸትቶኝ ነበር።

34 ኮምፒውተር አየሁ። ዘጠኙ ላይ ዲኤንኤሱ በእጅ ተሞልቷል። አንዳንዱ ላይ 8.8.8.8 በሁለተኛነት፣ አራቱ ላይ በአንደኛነት። ሦስት ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከዲኤንኤስ በፊት የሚያየው «ሆስትስ» የሚባለው ፋይል ውስጥ የዌብሳይቱ አይፒ ተጽፏል። ከሦስቱ በአንዱ ላይ ያለው አይፒ አሮጌ ነው። ልጅቷ ዌብሳይቱን ስትከፍት የሌላ ሰው የመኪና ኪራይ ገጽ ይመጣባት ነበር። «የእኛ ነው መስሎኝ፣ ሥራ የጨመርን መስሎኝ ዝም አልኩ» አለችኝ።

የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ማሽን 8.8.8.8 በአንደኛነት ካለባቸው አንዱ ነው። ዌብሳይቱ እሳቸው ጋ ይከፈታል። ባልደረቦቻቸውም ዋጋ ማየት ሲፈልጉ እሳቸው ጋ ይመጣሉ።

«የእኔ ደህና ነው ልጄ፣ የእኔን አትንካው።»

«ጠዋት ሲከፍቱት ቶሎ ይገባል?»

«እሱማ ቡና አፍልቼ እስክመጣ ነው።»

«የሒሳቡ ሼርድ ፎልደርስ?»

«አንዳንዴ እምቢ ይላል። ያኔ በፍላሽ አመጣዋለሁ።»

ይኸው። የእትዬ ኮምፒውተር ዶሜይን ኮንትሮለሩ የት እንዳለ የሚጠይቀው ጉግልን ነው። ጉግል ደግሞ ኮምቦልቻ መዝገብ ቤት ጎን ስላለች ክፍል የሚያውቀው ነገር የለም። ዌብሳይቱን ለማየት ሲሉ ፎልደሩን ሸጡት፣ ነገሩ ይኸው ነው። እሳቸው ደግሞ ሁለት ዓመት በፍላሽ ሲመላለሱ ችግር አለ ብለው አላሰቡም።

8.8.8.8ን በሁለተኛነት ማስገባት የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። የሚታሰበው «የመጀመሪያው ካጣ ሁለተኛውን ይጠይቃል» ተብሎ ነው። እንደዚያ አይደለም። ዊንዶውስ ወደ ሁለተኛው የሚሄደው የመጀመሪያው ዝም ሲለው ነው። «የለም» ማለት መልስ ነው፤ መልስ ካገኘ አይዞርም። ስለዚህ መፍትሔ ሳይሆን ዕጣ ነው። የመጀመሪያው ሰርቨር አንድ ቀን ሲዘገይ ኮምፒውተሩ ወደ ጉግል ይሄድና ዌብሳይቱ ይከፈታል፣ ፎልደሩ ይጠፋል። በማግስቱ ተገላቢጦሽ።

ዘጠኙንም አጸዳሁ፤ ሁሉም አድራሻ በራሱ እንዲቀበል መለስኩት። ለኮምፒውተሮቹ አድራሻ የሚሰጠው ዲኤችሲፒ በዲኤንኤስነት የሚያድለው ሁለቱን የውስጥ ሰርቨሮች ብቻ ነው። 8.8.8.8 እና ሌላው የውጭ ስም ሰርቨር 1.1.1.1 የገቡት ሰርቨሮቹ ላይ፣ ውጭ ጠይቀው የሚያመጡበት ቦታ ላይ ነው። የ«ሆስትስ» መስመሮቹንም ሰረዝኩ። እንግዲህ ዛሬ ማታ ዌብሳይቱ ለማንም አይከፈትም። እትዬ ኮስተር አሉብኝ።

ረቡዕ

የውስጡ ዞን (ሰርቨሩ የያዘው የስሙ መዝገብ) ውስጥ ሦስት ደብሊው የሚል አንድ መዝገብ ጨመርኩ፤ አድራሻው 203.0.113.20። ሁለት ደቂቃ ሥራ። ኤንኤስሉክአፕ ልክ መለሰ። ብራውዘሩን ከፍቼ ጻፍኩ። ሰማያዊው ገጽ!

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የማስታወስን ችግር ነው። «የለም» የሚለው መልስም እንደሌላው መልስ ኮምፒውተሩ ላይ ለጊዜው ይቀመጣል። በአይፒኮንፊግ ትእዛዝ ያስታወሰውን አስረሳሁት። አሁንም ሰማያዊ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሄድኩ። ሰማያዊ። ላብ መጣ፤ የኮምቦልቻ ሙቀትም ያግዛል።

ከዚያ ያለ ብራውዘር በሚጠይቀው በከርል ትእዛዝ የዌብሳይቱን መልስ ጭንቅላት (ሄደሩን) ብቻ ጠየቅኩ። ጥያቄው በትክክል 203.0.113.20 ደርሷል። የዌብሳይቱ መልስ ግን 301 ነው፤ «በቋሚነት ተዛውሬያለሁ፣ ያለ ሦስት ደብሊው ና» ይላል። ብራውዘሩ ታዛዥ ነው፤ ደብሊዎቹን አውልቆ ሄደ። ያለ ደብሊው ደግሞ ማን ነው ያለው? የቤቱ ሞክሼ፣ 192.168.10.5። በር ድረስ ሸኝቼው ባለቤቱ መልሶ ወደ ግቢ ሰደደው።

አዲስ አበባ ላለው ዌብሳይቱን ለሠራው ልጅ ደወልኩ። ዎርድፕረስ ነው። ቅንብሩ ውስጥ ሁለቱን አድራሻዎች፣ የዎርድፕረሱንና የሳይቱን፣ በሦስት ደብሊው እንዲያደርጋቸው ጠየቅኩት።

«ደብሊው እኮ ያረጀ ነገር ነው» አለኝ።

«እኔም አርጅቻለሁ። አድርግልኝ።»

ሳቀ፣ አደረገው። ውጭ ያለ ደንበኛ ምንም አይጎድልበትም፤ ያለ ደብሊው ቢጽፍም ወደ ደብሊው ይመራዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ብራውዘር 301ን አይረሳም። ልጁ ካስተካከለ በኋላም የእኔው ላፕቶፕ ወደ ድሮው መንገድ እየሄደ አስቸግሮኝ ነበር። በግል መስኮት ስከፍተው ተከፈተ። ከዚያ የሁሉንም ብራውዘር ካሽ (ያስቀመጠውን) ማጽዳት ነበረብኝ።

ከሰዓት ላይ የስንዴ ማሳው ሥራ አስኪያጁ ስክሪን ላይ መጣ። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ለማረጋገጥ ራሳቸው ስሙን ጻፉ። ያለ ደብሊው። ሰማያዊው ተመለሰ።

«ይህን ማን ይጽፋል ጋሼ፣ በደብሊው ይጻፉት።»

«እኔ እጽፋለሁ።»

ሐሙስ

መብራት የለም። ጄኔሬተሩ ለወፍጮው እንጂ ለቢሮው አይተርፍም። እትዬ ረከቦቱን ዘርግተው እጣኑን አጨሱ። አቦሉ ሲቀዳ ዱዓ ተደረገ፤ አሚን ተባለ። ቶናው ላይ ታርቀናል። በረካው ላይ «ፎልደሩስ ዛሬ ወዲያው ነበር የገባው፣ መብራት ሳይሄድ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ቡናው ላይ የቢሮው የአይቲ ልጅ «ለምን ያለ ደብሊው ያለውን መዝገብ ራሱን ወደ ዌብሳይቱ አናዞረውም? አንድ መስመር ነው» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን በገዛ ጥፋቴ ነው የተማርኩት።

ደሴ ውስጥ አንድ ቢሮ እንዲሁ አድርጌ ነበር፣ ከዓመታት በፊት። ከዶሜይኑ ጋር እኩል ስም ያለውን መዝገብ ሰርዤ የዌብሳይቱን አይፒ አስገባሁ። ዌብሳይቱ ተከፈተ፣ ተመሰገንኩ፣ ምሳ ተጋበዝኩ። በነጋታው ግሩፕ ፖሊሲ (ከሰርቨሩ ለኮምፒውተሮቹ የሚሄደው ቅንብር) አልደርስ አለ፣ የፕሪንተሩ ዝርዝር ጠፋ። ኮምፒውተሮቹ ይህ ቅንብር የሚቀመጥበትን «ሲስቮል» የሚባለውን ፎልደር የሚፈልጉት በዶሜይኑ በራሱ ስም ነው። እኔ ደግሞ ያንን ስም ይዤ ውጭ አገር ያለ ሆስቲንግ በር ላይ አቆምኳቸው። ያ ብቻ አይደለም፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ኔትሎጎን የሚባለው አገልግሎት ሥራ ሲጀምር ያንን መዝገብ ራሱ መልሶ ይጽፈዋል። ስለዚህ ስሙ አንዴ ወደ ውጭ፣ አንዴ ወደ ውስጥ እየሄደ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሾፍብኝ ከረመ። ምሳውን አስታውሼ አፈርኩ።

ልጁ ሳቀ። «ስለዚህ አይነካም።»

«አይነካም።»

ዓርብ

ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ አብዛኛው ሠራተኛ ለጁምዓ ይወጣል። ሰርቨር ለመንካት ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም።

መጀመሪያ አይአይኤሱን አነሳሁ። ማን እንደጫነው፣ ለምን እንደጫነው የሚያውቅ ሰው የለም። ዶሜይን ኮንትሮለር ላይ የማይፈለግ ዌብ ሰርቨር ማስቀመጥ የቤት ቁልፍ ያለበት ክፍል ላይ ተጨማሪ መስኮት እንደማውጣት ነው። ሰማያዊው ገጽ ሞተ።

አሁን ያለ ደብሊው ሲጻፍ ምንም አይመጣም። ለጋሼ ይህ አይበቃም። የቀረኝ መንገድ ፖርትፕሮክሲ ነው። በኔትሽ ትእዛዝ ሁለት መስመር ተጽፎ፣ በዌብ በሮቹ (ፖርቶቹ) በ80 እና በ443 የመጣውን ሁሉ ሰርቨሩ ሳይከፍት ወደ 203.0.113.20 ያሳልፈዋል። ኤችቲቲፒኤሱም (የተመሰጠረው ግንኙነት) ሳይፈታ ስለሚያልፍ የሰርተፍኬት ማስጠንቀቂያ አይመጣም። ዌብሳይቱም «በደብሊው ና» ብሎ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ የተስተካከለ ነው።

አልወደድኩትም። ከላይ ስለ መስኮት ያወራሁት እኔው ነኝ። ግን ይህኛው መስኮት ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ፋየርዎሉንም ለውስጡ ኔትወርክ ብቻ ከፈትኩለት።

ሞከርኩ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ወዲያው፣ ሌላው ላይ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ተከፈተ። ሩብ ሰዓት ያህል ራሴን ካሳከክሁ በኋላ ነው የታወሰኝ፤ ስሙ የሚመልሰው ሁለት አድራሻ ነው። መስመሮቹን የጻፍኩት 10.5 ላይ ብቻ ነበር። መጀመሪያ 10.6 የደረሰው ብራውዘር የተዘጋ በር ሲያንኳኳ ቆይቶ ነው የሚዞረው። ሁለተኛው ላይም ጻፍኩ። ሰዎቹ ከመስጊድ ሲመለሱ ሁሉም በአንድ ፍጥነት ይከፍታል።

ጊዜ ስለተረፈ የውጩን መዝገብና የውስጡን ጎን ለጎን አድርጌ አነጻጸርኩ። ውጭ ኖሮ ውስጥ የጎደለ ሌላ ስም ነበር፤ «ኦቶዲስከቨር»፣ ኢሜይል ራሱን የሚያስተካክልበት። የአይቲው ልጅ ግንባሩን መታ። አዲስ ላፕቶፕ ሲመጣ አውትሉክን ቢሮ ውስጥ ማስገባት ስለሚያቅተው ቤቱ ይዞት እየሄደ በዳታ ያስገባው ነበር። ሐይቅ ነው ቤቱ! ስንት ላፕቶፕ ሐይቅ ደርሶ እንደተመለሰ እሱም አያውቀውም። ጨመርነው።

ቅዳሜ፣ ግማሽ ቀን

ረቡዕ የጻፍኳት የደብሊው መዝገብ እንቅልፍ ነሳችኝ። አይፒው በእጅ የተጻፈ ነው። ዌብሳይቱ ሆስቲንግ ሲቀይር ውጭ ያለው መዝገብ ይቀየራል፤ እዚህ ያለው ግን እኔን እየጠበቀ አሮጌው በር ላይ ይቀራል። የዚያች ልጅ የመኪና ኪራይ ገጽ ማለት ነው፣ ለ34 ሰው።

መዝገቡን ሰርዤ ለስሙ ውክልና ሰጠሁ። ትርጉሙ ልክ ውልና ማስረጃ ሄዶ እንደሚሰጠው ውክልና ነው። የውስጡ ሰርቨር «የፋብሪካው ነጥብ ኮም ባለቤት እኔ ነኝ፤ ሦስቱ ደብሊው ያለበትን ግን የውጮቹን ስም ሰርቨሮች ጠይቁ» ይላል። ሲሞላ ዊንዶውስ «ይህ ሰርቨር ለዚህ ዞን ባለሥልጣን አይደለም» ብሎ ቀይ ምልክት አሳየ። ማለፍ ይቻላል፣ አለፍኩት። ይሠራል።

ፖርትፕሮክሲው ላይ ግን አይፒው አለ። ይህቺን በወረቀት ጽፌ ሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ለጠፍኩ።

ሥራ አስኪያጁ «ይህ ሁሉ ከስም የመጣ ከሆነ ስሙን ለምን አንቀይረውም?» አሉ። ይቀየራል፤ ግን የሚሠራ ዶሜይን ስም መቀየር የቆመ ቤት መሠረት እንደመቀየር ነው። ሰርቨሮቹ በአዲስ ሲተኩ ነው የሚሻለው። ያኔ የውስጡ ስም የገዛነው ስም ቅርንጫፍ ይሁን፤ «ውስጥ ነጥብ ፋብሪካው ነጥብ ኮም» ዓይነት። ልጁ «ነጥብ ሎካል ብንለውስ? ብዙ ቦታ አይቻለሁ» አለ። አይሆንም። ነጥብ ሎካል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ መሣሪያዎች ያለ ሰርቨር እርስ በርስ ለሚፈላለጉበት ሥርዓት የተመደበ ነው፤ ፕሪንተሩና አፕል ስልኩ የራሳቸውን ጥሪ ይጠሩበታል። ሌላ ሞክሼ መፍጠር ነው የሚሆነው።

ሒሳቤን ተቀበልኩ። እትዬ አምስት ኪሎ ዱቄት ጨመሩልኝ። ሐረጎን ስወጣ ጃኬቴን መልሼ ለበስኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ

ደሴ ነኝ። ስልኩ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ ደግሞ ተጠለፍን።»

«ምን ያሳያል ጋሼ?»

«ምንም! ባዶ ነው።»

«በደብሊው ይጻፉት እስቲ።»

ዝምታ። የቁልፍ ድምፅ ይሰማል። «መጣ» አሉ ቅር እንዳላቸው።

አዲስ አበባ ያለው ልጅ ትናንት ሆስቲንግ ቀይሯል፤ ለማንም አልነገረም። ውክልናው ራሱ ተከትሎታል፤ 34 ሰው ምንም ሳያውቅ ሥራውን ቀጥሏል። የቀሩት ሁለቱ የፖርትፕሮክሲ መስመሮች ናቸው፣ በሁለት ሰርቨር። ለአይቲው ልጅ ደወልኩና በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አንብብ አልኩት። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ደወለ። አስተካክሎታል። አሮጌውን አይፒ በእስክሪብቶ ሰርዞ አዲሱን ከሥሩ ጽፎታል።